ከመሶቡ እስከ ልጁ እጅ

ልጆቼ፣ ባለፈው እሑድ የዕድሩ ስብሰባ ካበቃ በኋላ ከድንኳኑ ጥግ ክርክር ገጥማችሁ ሰማሁ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ኬንያ ለትምህርት የምታወጣው ከእኛ ይበልጣል» አለ። ሌላው የራሱን ስልክ አውጥቶ «የለም፣ እኛ እንበልጣለን፤ ይኸው!» አለ። ሁለታችሁም ቁጥር ይዛችኋል፤ ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። ኋላም «አባባ፣ እርስዎ አስተማሪ ነበሩ፤ ይፍረዱን» ብላችሁ ወደ እኔ ዞራችሁ። እኔም ጉልበቴን አመካኝቼ «ሌላ ቀን» ብዬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ጉልበቴ ብቻ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር በቆመ እግር አይመለስም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ዛሬ ተቀመጡ፤ ቡናውም እስኪፈላ ጊዜ አለን።

ከቁጥሩ በፊት አንድ መጽሐፍ ላሳያችሁ። ወጣት መምህር ሳለሁ የተመደብኩት ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ በሚርቅ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ሁለተኛ ክፍልን ያዝኩ። መጽሐፉ ጥቂት፣ ልጁ ብዙ። አንዱን መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግተን አምስት ስድስት ልጅ እንደ ገበታ ይከበዋል። ከግርጌው የተቀመጠው ቀጥ አድርጎ ያነባል፤ ከጎን ያለው አንገቱን ያዘማል፤ ከራስጌው በኩል ያለው ደግሞ ፊደሉን ተዘቅዝቆ ያየዋል። በዓመቱ መጨረሻ አንዱን ልጅ ለብቻው ጠርቼ መጽሐፉን አቅንቼ ሰጠሁት። ተቀበለኝና ገልብጦ ያዘው። ከዚያ አንድ ቃል ሳይስት አንበለበለው።

በጊዜው ሳቅሁ፤ ማታ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በዚያው ሰሞን ለአውራጃው በላክነው ሪፖርት «መጽሐፍ ደርሶናል» ብለን ጽፈን ነበር። ውሸት አልነበረም። መጽሐፉ ትምህርት ቤቱ ዘንድ ደርሷል፤ ልጁ ዘንድ የደረሰው ግን ተገልብጦ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ የበጀት ቁጥር በሰማሁ ቁጥር ያ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

እንግዲህ ወደ ክርክራችሁ። መንግሥት ለትምህርት የሚያወጣው የሚለካበት ስንዝር ሁለት ነው። አንዱ «መንግሥት ካወጣው ገንዘብ ስንት እጁ?» ይላል። ሁለተኛው «አገሩ በዓመት ካመረተው ሁሉ ስንት እጁ?» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥታት በደቡብ ኮሪያዋ ኢንቺዮን ከተማ ተሰብስበው፣ ከመንግሥት ወጪ ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ ወይም ከአገር ምርት ከ4 እስከ 6 በመቶ ለትምህርት ይዋል ብለው ነበር። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ከመንግሥት ወጪዋ ሩብ ያህሉን ለትምህርት ታውል ነበር፤ በዚህ ስንዝር ከአፍሪካ እጃቸውን በደንብ ከዘረጉት መሀል ነበረች። «እኛ እንበልጣለን» ያልከው ልጄ፣ ልክ ነህ። ኬንያ ደግሞ ከአገር ምርቷ አራትና አምስት በመቶውን ለትምህርት ስትሰጥ የኖረች ናት፤ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ገንዘብ ሲቆጠርማ ከእኛ ርቃ ትሄዳለች። «ኬንያ ትበልጣለች» ያልከውም ልክ ነህ።

እንዴት ሁለቱም ልክ ይሆናል? ሁለት እናቶችን አስቡ። አንዷ መሶቧ ውስጥ አራት እንጀራ አላት፤ አንዱን ለልጆቿ ሰጠች። ጎረቤቷ አሥራ ሁለት እንጀራ ጋግራለች፤ ሦስቱን ለልጆቿ ሰጠች። ሁለቱም ሩብ ሰጡ። በቸርነት ማንም ማንንም አልበለጠም። አሁን ልጆቹን ቁጠሯቸው፤ የአራቱ እንጀራ እናት ልጆች ከጎረቤቷ ልጆች እጥፍ ናቸው። ሩቡ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚቆረሰው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

የእኛና የኬንያ ነገር ይህን ይመስላል። የኬንያ ሕዝብ የእኛን ግማሽ አይሞላም። ነፍስ ወከፍ ገቢዋ ከእኛ ይበልጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ግብር ትሰበስባለች። በቅርብ ዓመታት አገራችን ካመረተችው ከመቶው ብር በግብር ወደ መንግሥት ካዝና የገባው ሰባት ብር አካባቢ ሲሆን፣ የኬንያው እጥፍ ያህል ነው። ስለ ትምህርት በጀት እያወራሁ ግብር ውስጥ ምን ዶለኝ? ያለ ደረሰኝ ሸጦ፣ ያለ ደረሰኝ ገዝቶ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ «የመንግሥት ትምህርት ቤት ወደቀ» የሚል ሰው በመሀላችን ስላለ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዕድርና ለማኅበር ብቻ አይደለም፤ ለመንግሥት ካዝናም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄን ልጠይቅ ሞያሌ ወርጄ ነበር። ሞያሌ አንድ ስም ያላት የሁለት አገር ከተማ ናት፤ ግማሿ የእኛ፣ ግማሿ የኬንያ። በጠዋት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ሲያልፉ አያለሁ። አጠገቤ ሁለት አባወራዎች ልክ እንደ እናንተ ይከራከራሉ። አንዱ የወዲህ፣ አንዱ የወዲያ ሰው ነው። የወዲያው «የእኛ መንግሥት ለእያንዳንዱ ተማሪ ይህን ያህል ሽልንግ ይቆርጣል» ይላል። የወዲህው «የእኛ ደግሞ ከበጀቱ ሩቡን ይሰጣል» ይላል። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሰዎቹ ሞቁ። እኔም የአስተማሪ አመሌ አልለቅ ብሎኝ ጣልቃ ገባሁ። «ወንድሞቼ፣ የልጆቻችሁ ቦርሳ ውስጥ ስንት መጽሐፍ አለ?» አልኳቸው።

የወዲህው ጥቂት ዝም ብሎ «የሒሳቡን ከሁለት ልጆች ጋር በፈረቃ ይዞ ያድራል» አለ። የወዲያው ፈገግ አለና «የእኔ ልጅ የራሱ መጽሐፍ አለው፤ ግን አባቴ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ሆነው ነው የሚማሩት፤ መምህሩ ስሙን አያውቀውም» አለ። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ በረደ። ሒሳቡን የወዲያው ሰውዬ ከፈለ፤ በሽልንግ።

ስለ ኬንያ ከተነሳ ታሪኳን በቅጡ እንየው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ የሰው ጉድለትም አያኮራ። (የእነሱን ዘመን በእነሱው አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።) ነጻ እንደወጡ ጆሞ ኬንያታ «ሐራምቤ» የሚል ጥሪ አሰሙ። እንደኛው «ሆ» ብሎ በኅብረት መጎተት ማለት ነው። ሕዝቡ ፍየሉን ሸጦ፣ ድንጋዩን ተሸክሞ የራሱን ትምህርት ቤት ሠራ። ቀጥለው የመጡት ሞይ ከ1979 ጀምሮ ለትምህርት ቤት ልጆች በነጻ ወተት ያድሉ ነበር። ዛሬ ጎልማሳ የሆነ ኬንያዊ ብትጠይቁት የዚያን ወተት ጣዕም ይነግራችኋል። ኋላ ዘመኑ ከፋ፤ ወጪው ወደ ወላጅ ዞረ፤ ወተቱም ቀረ፤ የደሃ ልጅ ከትምህርት ቤት ደጅ ተመለሰ።

በ2003 ሙዋይ ኪባኪ ሥልጣን እንደያዙ የአንደኛ ደረጃን ክፍያ አነሱ። በዚያው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዲስ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ጎረፈ። ከልጆቹ ጋር አንድ ሽማግሌም ገቡ። ኪማኒ ማሩጌ ይባላሉ፤ ለነጻነት የተዋጉ የማው ማው አርበኛ ናቸው። በ2004 በኤልዶሬት ከተማ በ84 ዓመታቸው አጭር ሱሪ ለብሰው አንደኛ ክፍል ተመዘገቡ። መጽሐፍ ቅዱስን በገዛ ዓይናቸው ማንበብ ነበር ምኞታቸው። እኔ የእሳቸውን ነገር ስሰማ ዕንባ መጣብኝ። የተማረ ይግደለኝ እያልን ያደግን ሰዎች፣ እስከ ሰማንያ አራት ዓመት ሙሉ የተማረ ሰው ሲያነብልን ስንሰማ መኖር ምን እንደሆነ እናውቃለን።

መንግሥት ለእያንዳንዱ የአንደኛ ደረጃ ልጅ በዓመት 1,020 ሽልንግ መደበ፤ በኋላ 1,420 አደረገው። ይህን «ካፒቴሽን» ይሉታል፤ በነፍስ ወከፍ የሚቆረጥ ማለት ነው። በ2008 የቀን ሁለተኛ ደረጃን ጨመሩ፤ የእሱም የነፍስ ወከፍ በ2018 ወደ 22,244 ሽልንግ ከፍ አለ። ታዲያ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ክፍሉና መምህሩ ሳይጨመር ልጁ ስለጎረፈ በአንድ ክፍል ሰማንያም መቶም ሆነው የተቀመጡበት ብዙ ነው። ብሩ በመጣበት ደግሞ አይጡም መጣ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ክፉ ተረት እኛ ብቻ ያለን ይመስላችኋል? በ2009 መጨረሻ ለነጻ ትምህርቱ ከተመደበው ገንዘብ መጥፋቱ ታወቀና ብሪታንያ ድጋፏን አቆመች፤ አሜሪካም ተከተለች። ለልጅ የተባለ ሽልንግ በትልቅ ሰው ኪስ ሲቀር ከማየት የከፋ ነገር የለም።

ግን አንድ ነገር አደረጉ፤ እሱን ነው እኔ የማደንቅላቸው። መጽሐፍ የሚገዛው በየትምህርት ቤቱ በኩል በነበረ ጊዜ ገንዘቡ በመንገድ ይንጠባጠብ ነበር። ከ2018 ጀምሮ መንግሥት መጽሐፉን ራሱ ከአሳታሚው ገዝቶ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ማድረስ ያዘ፤ አንድ መጽሐፍ ለአንድ ልጅ ብሎ። የገንዘቡ መጠን ሳይሆን መንገዱ ነው የተለወጠው። የሞያሌው ሰውዬ ልጅ የራሱን መጽሐፍ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ስል ኬንያ ገነት ናት አላልኩም። በ2024/25 የበጀት ዓመት ለትምህርት 656 ቢሊዮን ሽልንግ ያህል መድበዋል፤ ከማንኛውም ዘርፍ ይበልጣል። ያም ሆኖ ርእሰ መምህራኑ «ካፒቴሽኑ ዘገየ፣ ሲመጣም ጎደሎ ነው» እያሉ ያማርራሉ። አዳዲስ መምህራን በቋሚነት ሳይሆን «ኢንተርን» ተብለው በአነስተኛ ክፍያ ይቀጠራሉ፤ በዚህም ሰልፍ ወጥተዋል። ዕዳውም ከባድ ነው፤ ልጅ ሳይጎርስ አበዳሪ ይጎርሳል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ የራስን ጉድ ሲያወሩ ይህ ነው ወጉ።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ የተደረገው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር። ኬንያ በዚያን ጊዜ ገና በእንግሊዝ እጅ ነበረች። ጉባኤው እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ድረስ የአፍሪካ ልጅ ሁሉ አንደኛ ደረጃ ይግባ ብሎ ወሰነ። አስተናጋጇ እኛ ነበርን፤ ድግሱም ያማረ ነበር ይባላል። ግን የእንግዶቹ ቁጥር ከእኛ ቁጥር አጠገብ ሲቀመጥ፣ ሦስት ሺህ ዘመን ነጻ ነን የምንል እኛ ልጆቻችንን በማስተማር በቅኝ ከተገዙት ከብዙዎቹ ኋላ ሆነን ተገኘን። ያ ቀን ትልቅ ትምህርት ነበር፤ ለመማር ግን ብዙ ዘገየን። ደርግ በ1971 ዓ.ም. ያስነሳው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጠረ፤ በዓለም ሽልማትም አገኘ። የዚያን ዘመን ሌላውን ነገር ዛሬ አላነሳም፤ እናቴ በሃምሳ ዓመቷ ስሟን የጻፈችው በዚያ ዘመቻ ነው፤ ያንን አልክድም።

በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ሲወጣ እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ ተነሳ፤ ልጅም በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ሆነ። ከዚያ በፊት አንደኛ ደረጃ የሚማረው ሦስት ሚሊዮን አይሞላም ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ግድም ከሃያ ሚሊዮን አልፏል። ይህን ሥራ ማንም ሊያናንቅ አይገባም። በዳስ፣ በዛፍ ጥላ፣ በጭቃ ቤት ልጁ ገባ። አርሶ አደሩ ሴት ልጁን ሰደደ፤ ይህ በእኔ ልጅነት የማይታሰብ ነበር።

ሆኖም ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል አበው፤ እኛ መጠምጠሙን አስቀደምን። በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ ወደ ሃምሳ ተጠጉ። እያንዳንዱ ክልል፣ እያንዳንዱ ዞን «የእኛስ?» አለ። ዩኒቨርሲቲ መክፈት ያስጨበጭባል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ቴሌቪዥን ይመጣል። ለሁለተኛ ክፍል ልጅ መጽሐፍ ሲታደል ግን ሪባን የሚቆርጥ የለም። በዚህ ምክንያት ከትምህርቱ ገንዘብ እጅግ ትልቁ ድርሻ በጥቂቱ የላይኛው ተማሪ ላይ ዋለ፤ ሃያ ሚሊዮኑ የታችኛው ልጅ በተረፈው ተቃመሰ። ለታችኛው ክፍል ልጅ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የነፍስ ወከፍ ድጎማ ሲጀመር 50 ብር ነበር። ሃምሳ ብር! ዛሬ አንድ ደርዘን ደብተር አትገዛም።

ዩኒቨርሲቲው አያስፈልግም አላልኩም፤ ልጄን ነርስ ያደረጋት ዩኒቨርሲቲ ነው። ግን ግድግዳው ሳይመረግ ጣሪያውን በቆርቆሮ ያለበሰ ሰው ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ክረምቱ በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ላይ ገባ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠና፣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኝ መሀል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ። በዚያ ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ተመስገን ነው። ነገር ግን ልጆቼ፣ የወደቀው ያ ልጅ በ12ኛ ክፍል አይደለም የወደቀው። ሁለተኛ ክፍል እያለ፣ መጽሐፉን ገልብጦ ሲያነብ ነው የወደቀው። እኛ ያወቅነው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ደግሞ ተመልከቱ። የኬንያ መምህር፣ ቱርካና በረሃ ይሁን ናይሮቢ መሀል፣ ደመወዙን የሚቀበለው ከአንድ ብሔራዊ የመምህራን ኮሚሽን ነው። የእኛ መምህር የሚከፈለው ከወረዳው ነው። የፌዴራሉ ድጎማ በቀመር ወደ ክልል ይወርዳል፤ ክልሉ ለወረዳው ያካፍላል፤ ወረዳው ደግሞ ለጤናው፣ ለግብርናው፣ ለትምህርቱ ይቆርሳል። ለትምህርት ከተቆረሰው አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ለጠመኔ፣ ለመጽሐፍ፣ ለወንበር የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ወረዳው ሲቸግረው ደግሞ ያው ደመወዝም ይዘገያል። ደመወዙ ሁለት ወር የዘገየበት መምህር ክፍል ውስጥ ቆሞ ስለ ክፍልፋይ ሲያስተምር፣ በልቡ የሚያካፍለው የባለሱቁን ዱቤ ነው። ይህን ከልምድ ነው የምነግራችሁ። የእኔ ዘመን ደመወዝ ትንሽ ብትሆንም በቀኗ ትመጣ ነበር፤ ባለሱቁም «መምህር» ሲለኝ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር።

ጦርነት በገባበትማ በጀቱ ምን ይሠራል? በትግራይ፣ በአማራ፣ በሌላውም ቦታ በሺህ የሚቆጠር ትምህርት ቤት ፈርሷል፣ ተዘግቷል። ሚሊዮኖች ልጆች ቤት ተቀምጠዋል። በተዘጋ በር ብር አይገባም፤ ቢገባም ልጅ አያገኝም። የቀረውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

አንድ ሌላ ወጪ አለ፤ በየትኛውም መንግሥት ሰነድ ላይ ሙሉው አይጻፍም። የወላጅ ወጪ ነው። «ትምህርት በነጻ ነው» ተብሎ በመስከረም ለዩኒፎርም፣ ለደብተር፣ ለጥበቃ፣ ለአጥር፣ ለወንበር፣ ለ«ሕዝብ ተሳትፎ» የምታወጡት። በኬንያም እንዲሁ ነው፤ ልጅ መጀመሪያ ዓመት ላይ ከነፍራሹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሄድ አባት ምን እንደሚሸጥ እነሱን ጠይቋቸው። የደሃ ኪስ በጀት ሆኖ ሳይመዘገብ ይቀራል። ስለዚህ የሁለት አገርን ወጪ ስታወዳድሩ፣ ከመንግሥት ካዝና የወጣውን ብቻ ሳይሆን ከእናት መቀነት የተፈታውንም አስቡ።

እና ፍርዱስ? ፍርዴ ይህ ነው። ኬንያ ከእኛ የምትሻለው ብዙ ስለሰጠች ብቻ አይደለም፤ ከካዝናው እስከ ልጁ ያለውን መንገድ ስላሳጠረችና ለእያንዳንዱ ልጅ ስንት እንደሆነ በግልጽ ስለተናገረች ነው። ቁጥሩ ስለተነገረ ርእሰ መምህሩ «ጎደለ» ብሎ መጮህ ይችላል። እኛ ከድርሻችን አንጻር ብዙ ሰጥተን ሳለ፣ ለአንድ ልጅ ስንት እንደደረሰው የሚያውቅ ወላጅ በመሀላችን የለም። ያልታወቀ ነገር ሲጎድል ማን ይጠይቃል? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ወረዳው ለትምህርት ይህን ያህል ሚሊዮን ብር መደበ የሚል ዜና ሰምታችሁ ብቻ ደስ አይበላችሁ፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ታዲያ ባለሥልጣን ስደቡ አልላችሁም። ስድብ ልጅ አያስተምርም። መምህሩንም አታዋክቡት፤ እሱም እንደ እናንተ የኑሮ ውድነት ያንገላታዋል። ትዕግሥትና ጥያቄ ግን አብረው መሄድ ይችላሉ። ብዙ ቦታ የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በጀቱን በሰሌዳ ላይ ይለጥፋል፤ ማን ቆሞ አንብቦት ያውቃል? እኔ ባለፈው ሄጄ ሳነብ ዘበኛው «አባባ፣ ጠፍቶብዎት ነው?» አለኝ። «አዎ፣ መጽሐፍ ጠፍቶብኝ ነው» አልኩት። የትምህርት ቤቱ ወላጅ መምህር ኅብረት፣ ወመኅ የምትሉት፣ የተቋቋመው ለአጥር መዋጮ ለመሰብሰብ ብቻ አይደለም። የድጎማው ብር ስንት እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ፣ ምን እንደተገዛበት የመጠየቅ መብት አለው። ርእሰ መምህሩ ቅን ከሆነ ጥያቄያችሁ ያበረታዋል፤ ከላይ ለሚጠይቁት «ወላጆቹ ይጠይቁኛል» ማለት ይችላል።

እናንተ ወጣቶች ስልክ አላችሁ፣ ቁጥር መፈለግ ታውቁበታላችሁ። የኬንያን በጀት ከናይሮቢ ድረስ አግኝታችኋል፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አሁን ደግሞ ከዚህ አሥር ደቂቃ የእግር መንገድ የሚሆነውን የእኛን ትምህርት ቤት አግኙልኝ። ሦስት ቁጥር ነው የምፈልገው፦ ሁለተኛ ክፍል ስንት ልጅ አለ፣ ስንት የንባብ መጽሐፍ አለ፣ ዘንድሮ የመጣው ድጎማ ስንት ብር ነው። ርእሰ መምህሩን በአክብሮት ጠይቁት፤ እኔ የላክኋችሁ መሆኑን ንገሩት። የሚቀጥለው እሑድ ከዕድሩ በኋላ ይዛችሁ ኑ። ደብተር ገዝቻለሁ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የምጽፈው ያንን ነው።